አሮጌውን መልሶ መግጠም

ሴንዳይ፣ ጃፓን
ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት አጎቴ ለአቶ ዓብዱልሰላም፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህ ደብዳቤ እርስዎንም ባለቤትዎን እትዬ ሳሚያንም በጤና፣ በሰላም፣ ቤታችሁ ሞልቶ ያግኛችሁ። አረፋን እንዴት ዋላችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ከኢንዶኔዥያ ተማሪዎች ጋር ሰግጄ፣ እነሱ ያበሰሉትን በልቼ ዋልኩ። ቃሪያቸው ከእኛም ይብሳል።

በስልክ ስንገናኝ «ደህና ነን፣ ደህና ነን» ተባብለን እንዘጋለን። እርስዎ ደግሞ ሰው እውነቱን የሚናገረው ወረቀት ላይ ነው ይሉ ስለነበር፣ ዋናውን ወሬ ለደብዳቤ አስቀርቼዋለሁ። አራት ኪሎ ስማር አራት ዓመት ልደታ እናንተ ቤት ስኖር፣ ሰው ምን እንደምማር ሲጠይቅዎ «መብራት ነገር ነው» እያሉ ያልፉት ነበር። ዛሬ በደንብ ላስረዳዎት።

የማጠናው ከመዳብ፣ ከኦክስጅንና ከሌሎች ጥቂት ነገሮች የተሠራ ጥቁር ክሪስታል ነው። ከምስር ፍሬ አይበልጥም። በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ያለ አንዳች መሰናክል ያልፍበታል። ሱፐርኮንዳክተር የምንለው ይህን ነው። እርስዎ የሚጠግኑት የኤም አር አይ ማሽን ማግኔትም ሽቦው ሱፐርኮንዳክተር ነው፤ ግን የዱሮው ዓይነት ስለሆነ በፈሳሽ ሂሊየም ካልተነከረ አይሠራም። የእኔው ያን ያህል ቅዝቃዜ አይፈልግም። ለምን እንደማይፈልግ ግን ወደ አርባ ዓመት ሊሆነው ነው፣ ሊቃውንቱ አልተስማሙም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤሌክትሮኖች በባሕርያቸው ይገፋፋሉ፤ እዚህ ውስጥ ግን ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሄዳሉ። በዱሮዎቹ ብረቶች ውስጥ አጣማሪው ይታወቃል። አተሞቹ በሥርዓት ተደርድረው እንደ መረብ ተያይዘዋል፤ መረቡም ይነዝራል። አንዱ ኤሌክትሮን ሲያልፍ መረቡን በትንሹ ወደ ራሱ ይስበዋል፣ ሌላው ያንን ስበት ተከትሎ ይመጣል። በእኔ ክሪስታል ውስጥስ የመረቡ ንዝረት እጁ አለበት ወይ? የአራት ዓመት ሥራዬ ይህ ጥያቄ ነው።

ለማወቅ፣ በክሪስታሉ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን አውጥቼ በከባድ ኦክስጅን ተካሁት። ኬሚስትሪው ያው ነው፤ ክብደቱ ብቻ ይጨምራል። ከባድ ነገር ደግሞ ቀስ ብሎ ይነዝራል። ከዚያ ብርሃን አብርቼበት የሚወጡትን ኤሌክትሮኖች ለካሁ። ልኬቱ ሲሣል አንድ ቦታ ላይ የሚታጠፍ መስመር ይሰጣል። ኤሌክትሮኖቹ ንዝረቱ የሚሰማቸው ከሆነ እጥፋቱ ቦታ መቀየር አለበት።

ቀየረ፣ አጎቴ! በመለኪያችን ላይ ስድስት ነጥብ ወረደ። አማካሪዬ ፕሮፌሰር ኦኖ፣ ሲስቁ አይቼ የማላውቃቸው ሰውዬ፣ ለሁላችንም ኬክ ገዙ። ጽሑፉን ለመጽሔት ልከናል። ከምረቃ በኋላም እዚሁ ሥራ እንደማገኝ ቃል ገብተውልኛል። ዱዓ አድርጉልኝ።

አክባሪዎ፣ ልጅዎ ሀያት

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀያት፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕውቀትሽን ይባርክልሽ፣ ካለሽበት ሁሉ ክፉውን ያርቅልሽ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለቴ ለራሴ፣ አንዴ ጮክ ብዬ ለሳሚያ። እሷ ኬኩ ላይ ስደርስ እልል አለች።

እኛ መሥሪያ ቤት ግን የኤም አር አይ ማሽናችን ሞተ። መብራቱ ሄዶ መጥቶ፣ ሄዶ መጥቶ፣ የማቀዝቀዣውን ኮምፕሬሰር አቃጠለው። ሂሊየሙ ሞቀና ጣሪያ ላይ ባለው ቧንቧ ተንኖ ወጣ። ነጭ ጉም ሆኖ ሲወርድ ሜክሲኮ አደባባይ ካፌ የተቀመጠው ሰው ሁሉ እሳት መስሎት ተነሳ። አሁን ክፍሉ ውስጥ ያ የለመድኩት ጭርር ጭርር የሚለው ድምፅ የለም። ሂሊየሙ ከውጭ እስኪገባ ወራት ይፈጃል ተብለናል። የአንቺ ክሪስታል መቼ ነው ለእኛ የሚደርስልን?

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንደ ድፍረት አትቁጠሪብኝ። እኔ አንድ ዕቃ ቀይሬ ማሽኑ ቢነሳ፣ ጥፋቱ የዚያ ዕቃ ነው ብዬ አልፈርምም። አሮጌውን መልሼ እገጥመዋለሁ። ብልሽቱ ተመልሶ ከመጣ፣ አዎ፣ እሱ ነበር። ካልመጣ ግን ማሽኑን ያስነሳው ሌላ ነገር ነው፤ ምናልባት ስነቅልና ስሰካ የላላ ሽቦ ጠብቆ ይሆናል። አንቺስ ከባዱን ኦክስጅን አውጥተሽ የቀድሞውን መለስሽው? እጥፋቱስ ወደ ቦታው ተመለሰ?

ሁሌም የሚጠቅምሽን እመኝልሻለሁ።
አጎትሽ ዓብዱልሰላም

ሀያትዬ፣ አጎትሽ ስለ ጋዙ ብቻ ነው አይደል የጻፈልሽ? እኔ ደህና ነኝ። የተማሪ ዩኒፎርም ትእዛዝ ስለመጣ ሱቄ በጨርቅ ተሞልቶ መቀመጫ የለም። በልተሽ እደሪ። ሳሚያ ነኝ።

ሴንዳይ
ነሐሴ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት አጎቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ከረሙ? የእትዬ ሳሚያን ጽሑፍ ሳይ ሱቁ ውስጥ ጨርቅ ላይ ተቀምጬ ሳጠና የነበረው ትዝ አለኝ።

የማሽኑ ነገር አሳዘነኝ። እውነቱን ልንገርዎት፣ የእኔ ክሪስታል ለእናንተ ማሽን ቶሎ አይደርስም። እንደ ሸክላ ተሰባሪ ነው፤ ሽቦ ማድረጉ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሂሊየሙን ይጠብቁ።

ስለ ጥያቄዎ፣ ኦክስጅኑን አልመለስኩትም። ጊዜ ስላጠረን ነው። መልሶ መለወጥ ማለት ክሪስታሉን ለቀናት በጋለ ምድጃ ማቆየት፣ ከዚያም ለመለኪያው እንደገና ወረፋ መያዝ ነው። የመጽሔቱ ገምጋሚዎችም እስካሁን አልጠየቁንም። በዚህ ሙያ ደግሞ ሁሉም ነገር እንደ ማሽን አይደለም። ቢሆንም እናስብበታለን።

አክባሪዎ ሀያት

ልደታ
ነሐሴ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሀያት፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ከድካም ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ ጠንክሯል፤ ከልደታ ሜክሲኮ በእግሬ ስሄድ ጫማዬ አይደርቅም።

የሂሊየሙ ወረቀት ገና ቢሮ ለቢሮ እየዞረ ነው። አንቺን የምጠይቅሽ ሌላ ነው። አንድ ደንበኛ አለን። የቀኝ እጇ ዕቃ መያዝ እየከዳት ነው፤ አንዳንዴም የምታውቀውን ቃል ታጣዋለች። እዚያ ጃፓን ሐኪም የሆነ ጓደኛ ካለሽ እስቲ ጠይቂልኝ፤ እንዲህ ያለው ነገር በራሱ የሚተውበት ጊዜ አለ? ስንት ወር ቢቆይ ችግር የለውም?

ባለፈው የጻፍኩት ካስከፋሽ ይቅር በይኝ። ጠጋኝ ሰው አፉ አያርፍም። ሳሚያ ሰላም ብላሻለች።

ዓብዱልሰላም

ሴንዳይ
ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩት አጎቴ ለአቶ ዓብዱልሰላም፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ። አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ። ሁለት ወር ሙሉ የጠፋሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ተቆጥቼብዎ ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ጥያቄዎ አልለቅ አለኝ። ምግብ ስበላ፣ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ «መለስሽው?» የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር። በመስከረም ለማንም ሳልናገር ክሪስታሉን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ከባዱን ኦክስጅን አስወጥቼ ቀላሉን መለስኩ፤ መውጣቱንም አረጋገጥኩ። ከዚያ ለካሁ። እጥፋቱ ወደ ቦታው ይመለሳል ብዬ ተዘጋጅቼ፣ እንዲያውም ለእርስዎ የምጽፈውን የድል ደብዳቤ በልቤ እየጻፍኩ።

አልተመለሰም። ስድስቷ ነጥብ እዚያው ቁጭ ብላለች። አራት ጊዜ ለካሁ።

የላላው ሽቦ ይኸው ነበር፤ ክሪስታሉን መጀመሪያ ሳሞቀው የኦክስጅኑ ክብደት ብቻ ሳይሆን ብዛቱም ተለውጦ ነበር። ብዛቱ ሲለወጥ ኤሌክትሮኖቹም ይለወጣሉ። እኔ የንዝረት ሥራ ነው ብዬ የጻፍኩት የምድጃዬ ሥራ ነበር። ንዝረቱ እጁ የለበትም ማለት አይደለም፤ የእኔ ልኬት ግን አለበት ሊል አይችልም።

ፕሮፌሰር ኦኖ ዘንድ የአዲሱን ልኬት ወረቀት ይዤ ገባሁ። ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ይህን ማን ጠየቀሽ?» አሉኝ።

«አጎቴ። አዲስ አበባ የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ ናቸው።»

«ገምጋሚዎቹ ግን አልጠየቁም።»

«አልጠየቁም።»

«እንግዲህ ሦስት ቀን ስጪኝ» ብለው በሩን አሳዩኝ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ውስጥ፣ አጎቴ፣ እንዲከለክሉኝ የተመኘሁበት ሰዓት ነበር። እሳቸው «ተይው» ቢሉኝ ኃጢአቱ የእሳቸው ይሆን ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥተው ቆሙና «ለመጽሔቱ ጽፈሽ አሳውቂ፤ እኔም እፈርማለሁ» አሉ። ጽሑፉን ከመጽሔቱ መልሰን ወሰድነው። የተባልኩት ሥራም ለሌላ ሰው ሆነ። ትምህርቴን ለመጨረስ ስድስት ወር ተጨምሮልኛል።

ቁጣዬ የበረደው ቀስ ብሎ ነው። ሲበርድ ደብዳቤዎችዎን አውጥቼ እንደገና አነበብኩ። በነሐሴው ደብዳቤ ግርጌ የእትዬ ሳሚያ ጽሑፍ የለም። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ያለ እሷ መስመር ደብዳቤ ደርሶኝ አያውቅም። ሐኪም ጓደኛዬንም ጠየቅሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር አንድ ሳምንትም መቆየት የለበትም፣ አሁኑኑ ይታይ ነው ያለችኝ።

አጎቴ፣ ደንበኛዋ ማን ናት?

ሀያት

ልደታ
ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ሀያት፣

ወዓለይኩሙ ሰላም። ደንበኛ የለም። ሳሚያ ናት።

በነሐሴ መጀመሪያ መቀሱ ከእጇ ወደቀ። ብርድ ነው አለች። ከዚያ ደጋግሞ ወደቀ። አንድ ቀን ደግሞ ጎረቤታችንን ወይዘሮ እንዳለችን ልትጠራ ፈልጋ ስሟ ጠፋት፤ ሃያ ዓመት አብራት የኖረችውን ሴት። ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ለአንጎል ምርመራ የኤም አር አይ ማዘዣ ጻፈልኝ። ወረቀቱ ኪሴ ከገባ ሦስት ወር ሆነው።

ሂሊየሙ ሲመጣ በራሴ ማሽን፣ ራሴ ቆሜ የአንጎልሽን ሥዕል አስነሳለሁ ብዬ ነገርኳት። አመነችኝ። በከተማው ሌላ ማሽን ሞልቷል፤ አንዳንዱንም የተከልኩት እኔ ነኝ። ወረቀት ላይ እውነት ይጻፋል ካልኩ ልጻፈው፤ የሂሊየሙ ዕቃ በዘገየ ቁጥር ደስ እያለኝ መጣ። ቀኑ እንዳይደርስ ነበር የምፈልገው። በሥራዬ ብዙ ሥዕል አይቻለሁ፣ ልጄ። የሚያስከትለውን አውቃለሁ።

አንቺን መልሰሽ ግጠሚ ያልኩሽ ሰውዬ ይህ ነው። የሥራሽን መቅረት ሳነብ አፈርኩ።

ዓብዱልሰላም

ሴንዳይ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአጎቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። ወዲያው ደወልኩ፤ «እንግዳ አለ» ብለው ዘጉት። ስለዚህ ይህን በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ።

ይቅር ይበሉኝና ዛሬ እንደ ልጅ አልናገርም። ማዘዣውን ከኪስዎ ያውጡና እትዬ ሳሚያን ነገ ሌላ ማሽን ጋ ይውሰዷት። እኔ ምድጃውን ስከፍት የነበረው ፍርሃት ከእርስዎ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ እኔ የማጣው ወረቀት ነበር። ግን አንድ ነገር አይቻለሁ። እጥፋቱ የተበላሸው እኔ ስለለካሁት አይደለም። ሳልለካውም ተበላሽቶ ነበር። ሥዕሉም ባይነሳ እዚያው አለ።

ይህ በደረሰዎ በሦስተኛው ቀን ለእሷ ራሴ እደውላለሁ። የምለውም ይህንኑ ነው።

አላህ ልብዎን ያጽናልዎ።
ሀያት

ልደታ
ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀያት፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ሦስተኛው ቀን አልደረሰም። ደብዳቤሽ በመጣበት ምሽት ከመግሪብ ሰላት በኋላ ማዘዣውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ቀኑን አየችው።

«ይኼ የመስከረም ነው» አለች።

«አዎ።»

«የእናንተ ማሽን እስኪሠራ ብለህ አልነበረም?»

«ፈርቼ ነው።»

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። በግራ እጇ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ሠላሳ ዓመት የሰው ማሽን ስትከፍት ኖረህ የእኔን ለመክፈት ፈራህ?» አለችኝ። ቀጥላም «እኔም ማዘዣ እንዳለ እያወቅሁ አልጠየቅሁህም። ሁለታችንም ነን» አለች።

በማግስቱ ሄድን። እኔ በሕይወቴ ከማሽኑ ክፍል ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ድምፁ ሲቀያየር የትኛው ሥዕል እየተነሳ እንደሆነ ሁሉንም አውቀዋለሁ፤ ያ ነው የከበደኝ። አንዱ ሥዕል ሁለት ጊዜ ተነሳ። ሰው ሁለቴ የሚያነሳው ጥርት አድርጎ ለማየት ነው።

ሐኪሙ አስቀምጦ አስረዳን። ከአንጎል ሽፋን ላይ የበቀለ እብጠት ነው፤ አንጎሉ ውስጥ አልገባም፣ ከውጭ በግራ በኩል ተጭኖታል። ሎሚ ያህላል። ብዙ ዓመት ወስዶ ያደገ ነው፤ ክፉው ዓይነት አይመስልም አለ። አራት ወር መዘግየቴ ጎድቷት እንደሆነ ጠየቅሁት። «እጇን ትንሽ ጎድቷል፤ ሌላ አራት ወር ቢሆን ደግሞ ሌላ ወሬ እናወራ ነበር» አለኝ። አላለሳለሰልኝም።

ቀዶ ጥገናው የካቲት 16 ነው። ሂሊየሙም ባለፈው ሳምንት ገባ። ማሽኑ ተነስቶ እየሠራ ነው።

አጎትሽ ዓብዱልሰላም

ሴንዳይ
የካቲት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩት አጎቴና ለእትዬ ሳሚያ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንኳን ለረመዷን መግቢያ አደረሳችሁ። ደብዳቤው ከቀዶ ጥገናው ቀን በፊት እንዲደርስ በጥድፊያ ነው የምጽፈው። አላህ ሺፋውን፣ ፈውሱን፣ ያውርድ፤ የሐኪሙን እጅ ያቅና።

እንድትስቁ የእኔን ወሬ ልንገራችሁ። ሁለት ክሪስታሎችን በየራሳቸው ዝግ ቱቦ ከትቼ ጎን ለጎን በአንድ ምድጃ አሞቅሁ፤ አንዱን በከባዱ፣ አንዱን በቀላሉ ኦክስጅን፣ ብዛታቸው እኩል እንዲሆን። እጥፋቱ ቦታ ቀየረ፤ ከባዱን ሳወጣውም ተመለሰ። ግን ስድስት አይደለም፣ ሦስት ነው፤ የመለኪያዬ ስህተት ደግሞ ወደ ሁለት ይጠጋል። በዚህ ማንም ኬክ አይገዛም። ጸጥተኛ ንዝረት አለ፣ ኤሌክትሮኖቹ ትንሽ ይሰሙታል፤ ጥንድ የሚያደርጋቸው ግን እሱ መሆኑን አላውቅም። መመረቂያ ጽሑፌ ላይ የጻፍኩት በቃ ይህንኑ ነው። በግንቦት እመረቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደምሄድ ገና አልታወቀም።

ልጃችሁ ሀያት

ልደታ
መጋቢት 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀያት፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ወሬውን በስልክ ሰምተሻል፤ እንዴት እንደሆነ ግን ልጻፍልሽ።

ዘንድሮ የእኛም የክርስቲያኖቹም ጾም አብሮ ገባ። በቀዶ ጥገናው ዕለት ጎረቤታችን ወይዘሮ እንዳለች ከጠዋቱ አብራኝ ሆስፒታል መጣች። ልደታ ማርያም ስለት አለኝ ብላ እኔ ለሰላት ስነሳ እሷ ጠበል ይዛ ቁጭ ብላለች። አምስት ሰዓት ያህል ቆየን። ሐኪሙ ሲወጣ ከእኔ ቀድማ የተነሳችው እንዳለች ናት።

«አብዛኛውን አውጥተነዋል» አለ። «ከደም ሥር የተጣበቀች ትንሽ ቁራጭ ግን ነክተን ከምንጎዳት ትተናታል።»

ሁለት ቀን ሳሚያ ዓይኗን ትከፍትና ትዘጋለች እንጂ አትናገርም። ያን ሁለት ቀን አልጽፍልሽም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሰላት ወዲያ፣ ገባሁ። ጭንቅላቷ በፋሻ እንደተጠቀለለ ወደ እኔ ዞረች።

«ስንት ቀን ቀዳ አለብኝ?» አለች።

ከጾሙ ስንት ቀን እንዳለፋትና ወደፊት ስንት እንደምትከፍል ነው የምትጠይቀኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«አሁን ስለሱ አታስቢ» አልኳት።

«ዓብዱልሰላም» አለች፤ በሙሉ ስሜ የምትጠራኝ ስትቆጣ ነው። «እንዳትቀንስልኝ። ያለውን ንገረኝ።»

ነገርኳት። ዘንድሮ ቀሪውን ረመዷን በሙሉ እንደማትጾም። እጇ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ግማሽ ዓመት ሊፈጅ እንደሚችል፣ ምናልባትም ሙሉ በሙሉ እንደማይመለስ። የቀረች ቁራጭ እንዳለችና በየዓመቱ በማሽን እንደምትታይ። የመጪውን ክረምት የዩኒፎርም ትእዛዝ ለሌላ ሰፊ እንደሰጠሁባት ጭምር። አንድም አላስቀረሁም።

እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ «እሺ» አለችና ግራ እጇን ጉልበቴ ላይ ጥላ ተኛች። መግሪብ እስኪደርስ አልተንቀሳቀስኩም።

አላህ ምረቃሽን ያሳየን።
አጎትሽ ዓብዱልሰላም